መርዶ ያልደረሳት መርከብ

ሲያትል፣ መጋቢት 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣ ሲከፋኝም ሲደላኝም ስሟን ለምጠራት፤

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ቁርጥማት ትቶሻል ወይስ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግርሻል? ሑዳዴውስ እንዴት ያዘሽ? ሐኪሙ አትጹሚ ማለቱን አምና እህቴ የኔነሽ ጽፋልኝ ነበር፤ አንቺ እንደማትሰሚው ደግሞ ያለ ደብዳቤም አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነዋ የሚጀመረው። ግን ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥዬ አራተኛው ላይ ነኝና ልዋሽሽ አልቻልኩም። አካሌ ምንም አልሆነም፣ እበላለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ሆዴ ነው እንቢ ያለኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ መልሱን ስታስጽፊ ተቆጪኝ። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። ከገና ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ደርሶኛል፣ በሦስቱም ላይ አንድ ቁጣ የለም። «ምነው አታገቢም፣ ማንን ትጠብቂያለሽ» የለም። ፎቶ ስልክልሽ «ከሳሽ» የለም። አምና ፀጉሬን አሳጥሬ የተነሳሁትን ፎቶ አይተሽ «ማን ሞቶብሽ ነው የተቆረጥሽው፣ አንቺ ሟርተኛ» ብለሽ ያስጻፍሽው ትዝ ይልሻል? እንደዚያ ያለውን ነው የምፈልገው። አሁን የሚመጣልኝ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ምርቃት ነው፣ ጳጳስ የጻፈልኝ ይመስላል። ሌላም አለ። የኔነሽ መጻፍ ከመጀመሯ በፊት ወረቀቱን ተቀብለሽ አናቱ ላይ በገዛ እጅሽ መስቀል ታደርጊበታለሽ። እስክሪብቶ እንደ ዶማ ስለምትይዢ መስቀልሽ ሁሌም ወረቀቱን ይበሳዋል፤ እኔም ፖስታውን ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ያችን ቀዳዳ በጣቴ መዳበስ ነው። በነዚህ በሦስቱ ላይ መስቀሉ አለ፣ ቀዳዳው የለም። ቆንጆ የተማሪ መስቀል ነው። እጅሽ ደክሞ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እስከ ባለፈው ሐሙስ ድረስ እንደዚያ እያልኩ ነበር።

ሐሙስ የሆነውን ለመንገር ከሽማግሌዬ መነሳት አለብኝ። ጽፌልሽ ነበር፤ ረስተሽው እንደሆነ ሚስተር ኤክማን ይባላሉ፣ ስዊድናዊ ናቸው፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጎተንበርግ ከምትባል የወደብ ከተማ በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ሲያትል ባላርድ የሚባል ሰፈር ዕድሜ ልካቸውን የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሲሠሩ ኖሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው። እኔ ከምኖርበት ከዋይት ሴንተር በሁለት ባስ እየሄድኩ አበስላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። ሥራውን በምን እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ? አንቺ አሥራ አንድ ዓመት የስዊድኗን አዋላጅ ልብስ ስታጥቢ ቀሚስሽን ይዤ የለቀምኳት «ጉ ሞሮን» እና «ታክ» ናት እንጀራ የሆነችኝ። በሩን ሲከፍቱልኝ በቋንቋቸው እንደምን አደሩ ብላቸው ሰውዬው ደንግጠው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁ ነገ ነይ አሉኝ። ቁጡ ናቸው። ድስቱ ካረረ፣ መስኮቱ ከተከፈተ፣ ባሱ ካረፈደ ይቆጡኛል፤ እኔም እመልስላቸዋለሁ። ለዚህ ነው የተስማማነው፣ አንቺን ይመስሉኝ ነበር።

ጎተንበርግ የቀረች አንዲት እህት ነበረቻቸው፣ እንግሪድ የምትባል። ሰኞ ሰኞ ካሴት ይቀዱላታል። ወጥ ቤት ሆኜ ስሰማቸው አንድም ቃል አይገባኝም፣ ግን ሳቃቸው ይጋባብኛል። ሲጨርሱ እኔ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። ከእሷም በየሳምንቱ ይመጣል፤ እሷም እንደሳቸው የምትስቅ ሴት ነበረች።

አሁን ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በሱ ነውና ታገሺኝ። ስዊድኖች የሰው አገር ያዙ ብልሽ ታምኚኛለሽ? እኛ የምናውቃቸው በመርፌና በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ለካ የዛሬ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በሁለት መርከብ ወደዚህ ወደ አሜሪካ መጥተው፣ በምሥራቅ በኩል አንድ ወንዝ ዳር ምሽግ ሠርተው፣ በሕፃን ንግሥታቸው ስም ክርስቲና ብለውት፣ አገሩን አዲስ ስዊድን ብለው ሰየሙት። የዛፍ ግንድ እየደረደሩ ቤት ሠሩ። የአገሩ ተወላጆች «ትልቅ ሆድ» የሚል ስም ያወጡለት አንድ ወፍራም ገዥ ነበራቸው፤ ሰው ላኩልኝ፣ ዕቃ ላኩልኝ እያለ ወደ አገሩ ይጽፋል ይጽፋል፣ አምስት ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መርከብ ብቅ አላለም። መልስ ሲያጣ ራሱ ተነስቶ ሄደ። በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ሆላንዶች መጥተው ያለ ብዙ ውጊያ ወሰዱት። አለቀ። አሥራ ሰባት ዓመት ምን አላት እማዬ፣ የኔነሽ እንኳ ከዚያ ትበልጣለች። ዘንድሮ ግን እዚህ ያሉ ስዊድኖች የመጡበትን ቀን ሊያከብሩ ከመስከረም ጀምሮ ሽር ጉድ ሲሉ ነበር። በዓሉ ለመጋቢት 20 ነበር።

ሁሉም ሰው በኩር የሆነችውን መርከብ በእንጨት ይሠራል፤ ትንንሹም ትልልቁም። የኔ ሽማግሌ መቼም ሰው የሄደበት መንገድ አይሆንላቸውምና የመጨረሻዋን እሠራለሁ አሉ። ሜርኩሪየስ ትባላለች። ታሪኳን ሳነብላቸው ነው የሰማሁት። ከጎተንበርግ በኅዳር ወር ተነሳች። ከመቶ በላይ ሰው ተሳፍሮባታል፣ ባልና ሚስት፣ ልጅ ያዘለች፣ መጥረቢያውን የታቀፈ። ቦታ አጥተው ወደብ ላይ የቀሩትም ሌላ መቶ ያህል ናቸው፤ ያላቸውን ሸጠው የመጡ ስለነበሩ ቆመው አለቀሱ። ግን እኮ እነዚያ ሰዎች የሚሄዱበት አገር እነሱ ሳይሳፈሩ በፊት ጠፍቶ ነበር። ሆላንዶች ከያዙት ሁለት ወር አልፎታል፤ ወሬው ግን አልደረሰም። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ባሕር ላይ ስለ አዲሱ ቤታቸው፣ ስለሚዘሩት ዘር እያወሩ ሄዱ። በመጋቢት ሲደርሱ ምሽጉ ላይ የሌላ ሰው ባንዲራ አገኙ። እዚያ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩና «ወይኔ፣ ሳይረዱ መጡ» አልኩ በአማርኛ። ሽማግሌው ምን አልሽ ቢሉኝ ሰው ሞቶበት ያልተነገረው ማለት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። በእናንተ ቋንቋ ለዚህም ቃል አለ ወይ ብለው ተገረሙ።

ዓይናቸው ስለማያይ ገመዱን የማሰረው እኔ ነበርኩ። ከሱቅ የገዙት ክር ያብለጨልጫል፣ መርከብ ላይ አያምርም። በሰው የላክሽልኝ ፈትል ትዝ አለኝና ልቃቂቱን ይዤ ሄድኩ። ዳበሱት፣ በጥርሳቸው ሞከሩት፣ ይኼ ነው አሉ። ስለዚህ የዚያች መርከብ ገመድ በሙሉ ያንቺ ፈትል ነው እማዬ። ለነጠላ ጥገና ነበር የላክሽልኝ፣ ስጽፍልሽ ትቆጫለሽ ብዬ ነበር።

እንግዲህ በደሌን ልንገርሽ። መጋቢት 6 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁ። የእንግሪድ ልጅ ናት፣ ከጎተንበርግ። እናቴ እሑድ ዕለት አረፈች፣ ለአጎቴ ንገሪልኝና ይደውልልኝ አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ልክ ቀጠሮ እንደምትይዝ። ኦኬ ብዬ ዘጋሁ። ዞር ስል ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ትንሿን የመርከብ መልሕቅ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሉ፣ እያፏጩ። ማን ነው አሉኝ። የተሳሳተ ቁጥር ነው አልኩ።

አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ብቻቸውን ናቸው፣ ዓይናቸው አያይም፣ አጠገባቸው ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ። አንዲት ሠራተኛ ቆማ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ እህትዎ ሞታለች ብላ ትዘርግፍባቸው? መርዶ እኮ እንደ ጋዜጣ አይወረወርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፈው በግራ በቀኝ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ደግሞ የሦስት ወር ልፋታቸው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። በዓሉ ይለፍላቸው፣ በማግስቱ ቄሳቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ይዤ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። መቼም እህትየው እሑድ ሞታ ማክሰኞ ድረስ ሳትቀበር አትቀርም፣ አፈር ከለበሰች ወዲያ ምን ያስቸኩላል? እንደዚህ ነው ያሰብኩት። ክፋት አልነበረኝም።

ልቤ ግን እሺ ስላላለኝ በቀጣዩ እሑድ ሽማግሌ ልጠይቅ አልኩ። አቶ ገብረሕይወትን ታስታውሺያቸዋለሽ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱት፣ እዚህ ላለነው ሁሉ እንደ አባት የሆኑት። ጸሎት የምናደርገው በትውስት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ሲያልቅ እኔንና አብራኝ የምትኖረውን ማንአልሞሽን ቤት ያደርሱናል። መኪና ውስጥ ሆነን «አባባ፣ አንድን መርዶ ስንት ቀን ደብቆ ማቆየት ይቻላል?» አልኳቸው። ማንአልሞሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ አልሰሙኝም ብዬ ደገምኩላቸው። እሳቸው እቴ፣ የኛን መውጫ አልፈው ነድተው ነድተው ቱክዊላ የሚባል ሌላ ሰፈር ደረስን፣ ሃያ ዓመት የነዱትን መንገድ ስተው። ትልቁ የገበያ ማዕከል ጋ ፓርክ አደረጉና ለማን ነው የምትጠይቂው አሉኝ። ስለ ሽማግሌዬ ስነግራቸው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ መሪውን እያዩ «እስከ ፋሲካ ይቆይ። በጾም የደከመ ሰው መርዶ አይችልም። ፋሲካ ይለፍ» አሉኝ።

ሳቅኩባቸው እኮ እማዬ። ኸረ አባባ፣ እሳቸው የትኛውን ጾም ጾመው፣ ጠዋት ጠዋት የአሳማ ሥጋ ነው የምጠብስላቸው አልኩ። ማንም አብሮኝ አልሳቀም።

በሁለቱ ሰኞ ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ሁለት ካሴት ቀዱ። በመጀመሪያው ላይ ስለ ገመዱ እየነገሯት መሰለኝ፣ እኔንም ጠርተው «ታክ» በይላት አሉኝ። አልኩ። ለሞተች ሴት አመሰግናለሁ አልኩ። ፖስታ ቤት ወስጄም ላክሁት፤ ላክሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛላ። የእህትየው ልጅ ደግማ ደወለች፣ ተኝተዋል አልኳት። ሌላ ቀን ደወለች፣ ሐኪም ቤት ናቸው አልኳት። ቅር እያላት ዘጋች።

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ ባንዲራ በባንዲራ ሆኗል፣ ልጆች ሰማያዊና ቢጫ ለብሰው ይዘምራሉ። ሽማግሌዬ ሱፋቸውን ለብሰው መርከባቸው አጠገብ ቆሙና አጭር ነገር ተናገሩ። ለመጀመሪያዋ መርከብ ሐውልት ተሠርቶላታል፣ ለዚች ግን ማንም አላዘነላትም፤ እኔ የማስበው እነዚያን በባሕር ላይ ሆነው የሌለ አገር የሚያወሩትን ሰዎች ነው አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ካፖርታቸውን ይዤ ጥግ ቆሜ መሬት መሬት አየሁ።

ቄሱ የነሱ ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ ብለውኝ ነበር። ረቡዕ ስልኩ ሲጮህ እኔ ወጥ ቤት ዕቃ አጥባለሁ፤ እጄን እስክጠርግ ሽማግሌው ራሳቸው አነሱት። በቋንቋቸው ትንሽ ተናገሩ። ከዚያ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ቧንቧውን ዘጋሁት።

ለካ በነሱ አገር ሬሳ ሁለት ሳምንት ይቆያል። እኛ ጠዋት የሞተን ከሰዓት ስንቀብር፣ እነሱ ቀን ቆርጠው፣ ዘመድ ከሩቅ ጠርተው፣ ቀስ ብለው ነው የሚቀብሩት። እኔ ይህን በምን ልወቅ? ልጅቱ አጎቷ ይመጣሉ፣ ካልሆነም በስልክ አንድ ቃል ይናገራሉ ብላ ጠብቃ ጠብቃ፣ እምቢ ያሏት መስሏት አዝና፣ ማክሰኞ ቀበረቻት። ማክሰኞ፣ መጋቢት 20፣ የበዓሉ ዕለት። በማግስቱ የፖስታ ሳጥኑን ስትከፍት ካሴቱን አገኘች። አጎቷ እናቷን እያነጋገሩ ሲስቁ ሰማች። ሰውዬው አለማወቃቸው ያን ጊዜ ገባት።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። ስንት ቀን ነው ብለው ጠየቁኝ፣ አሥራ አምስት አልኩ። «አሥራ አምስት ቀን ከሞተች እህቴ ጋር ስስቅ ቁጭ ብለሽ አየሽኝ» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ ጉልበታቸውን ልስም። እንደዚያ አታድርጊ፣ ተነሽና ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። ሁለቱንም ባስ እንዴት እንደተሳፈርኩ አላውቅም።

ነገ አትምጪ አላሉኝምና ሐሙስም ሄድኩ። ትናንት የለበሱትን ልብስ እንደለበሱ ከፈቱልኝ። መርከቧ ከአዳራሹ ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ናት። ተቀመጪና አስረጂኝ አሉ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽ ማወቅ አለብኝ። የምችለውን ያህል ተናገርኩ። በኛ አገር መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ በዓል ይታለፍለታል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ ደጅ ያንኳኳሉ፣ ሰዎቹ ሲበዙ ያኔ ይገባሻል። ከአገር ውጭ ላለ ሰው ደግሞ ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይደበቅለታል፤ በደብዳቤና በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው። እስከዚያ ሁሉም ያውቃል፣ ሰውየው ብቻ ነው የማያውቀው። እስከዚያ ምን ያደርጋል አሉኝ። ይኖራል አልኳቸው፣ ሥራ ይሄዳል፣ ለሟቹ ዕቃ ይልካል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ይኼ በናንተ ደግነት ነው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ደግነት ነው አልኩ።

ሊያናድዱኝ ፈልገው አይመስለኝም፤ እውነቱን ማወቅ ስለፈለጉ ነው። «ያንቺ እናት ብትሞትስ በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያ መስቀል መጣብኝ። ቁጣ የሌለባቸው ሦስት ደብዳቤዎች መጡብኝ። አቶ ገብረሕይወት መውጫውን ሲያልፉ፣ ፋሲካ ይለፍ ሲሉ። ማንአልሞሽ ከጥምቀት ወዲህ እናትሽ እንዴት ናቸው ብላኝ አታውቅም፤ እንዲያውም በተራዬ ቀን ዕቃውን ታጥብልኛለች፣ እኔም ሰው ሆነች ብዬ ነበር። ሽማግሌው ስልኩን ስበው ፊት ለፊቴ አስቀመጡልኝና ደውይ አሉኝ።

ደወልኩ። ጎረቤት፣ እነ እትዬ ውባንቺ ቤት ነው፣ ስልኩ ያለው እዚያ አይደል፣ እንደ ሁልጊዜው። የኔነሽን ጠሩልኝ፣ እየሮጠች መጣች፣ ስታለከልክ ይሰማኛል። እማዬን አቅርቢልኝ አልኳት። ጠበል ሄዳለች፣ ጻድቃኔ ማርያም አለችኝ። ተኝተዋል፣ ሐኪም ቤት ናቸው ብዬ ለዚያች ለስዊድኗ ልጅ ስነግራት የነበረው የገዛ ድምፄ ነው ከስልኩ የወጣው። እማዬ፣ ትንሽ ብጨቀጭቃት እውነቱን ትነግረኝ ነበር፣ የኔነሽ ውሸት አትችልበትም፤ ስለዚህ አልጨቀጨቅኋትም። ጉልበቷን ሳሚልኝ ብዬ ዘጋሁ።

ሽማግሌው ምን አሉሽ ብለው ጠየቁኝ። የተቀደሰ ውኃ ወዳለበት ሄዳለች አሉኝ አልኩ። መቼ ነው የሄደችው አሉ። ከገና ማግስት አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። መርከቧ ከአዳራሹ ስትመለስ አንድ ገመድ ተፈትቶባት ነበርና የልቃቂቱን ጫፍ ፈልገው አቀበሉኝ። አብረን አሰርነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌዬም መቆጣት ትተዋል። ዓርብ ዕለት ሻይ አፈሰስኩባቸው፣ ግድ የለም ልጄ አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ስለዚህ ነው ተቆጪኝ የምልሽ። ሰው ሲራራልኝ ነው አሁን የምፈራው።

እንዳልመጣ ታውቂያለሽ፣ በሱዳን በኩል የወጣ ሰው በቦሌ አይገባም። ብመጣስ ምን አደርጋለሁ? እንደዚያች መርከብ ከሁሉም ዘግይቼ ነው የምደርሰው። እጄን አጣጥፌ ከመቀመጥ በቀር የምችለው የለኝም። አንዳንዴ አቶ ገብረሕይወት ጋ ሄጄ አውቄያለሁ፣ ይንገሩኝና ይውጣልኝ ልላቸው እነሳለሁ። ደግሞ እቀመጣለሁ። ካልተነገረኝ መልስ ሊመጣልኝ ይችላል እኮ። የተሳሳትኩትም እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ጉልበትሽ ሆኖ ጠበሉ ጠቅሞሽ ቆይተሽ ይሆናል፤ ከሆነ ይኼን ሁሉ ስትሰሚ «ሟርተኛ» ብለሽ አስጽፊብኝ፣ መስቀሉንም አጥብቀሽ ጫኚው።

ትናንት ሆሳዕና ነበር። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ። እንደዚያ ሆኜ ከክፍሌ ስወጣ ማንአልሞሽ አየችኝና ቁልፍ እንደጠፋባት ሰው ቦርሳዋን ማገላበጥ ጀመረች። መኪና ውስጥ አቶ ገብረሕይወት ሬዲዮውን አጠፉት። ምድር ቤቱ ሞልቶ ነበር፣ እኔም ሆን ብዬ ከፊት ቆምኩ። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ነጠላውን የዘቀዘቀ ሰው ታይቶ ዝም አይባልም፤ እንግዳ እንኳ ቢሆን ጠጋ ብሎ ምነው፣ ማን ሞተብሽ ይላል። ሴቶቹ አዩኝ። ወንዶቹ አዩኝ። ከሩቅ ከኦበርን ከተማ የሚመጡት እንኳ፣ ስሜን በደንብ የማያውቁት፣ አዩኝ። አንዷ መጥታ ዘንባባውን ጣቴ ላይ አሰረችልኝ፣ እጄን ይዛ ቆየች፣ ሄደች።

ማንም ማን ሞተብሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

ፋሲካ እሑድ ነው። ስድስት ቀን አለኝ። እነሱ እስኪያንኳኩ እኔ እንደማላውቅ እሆናለሁ፣ እነሱም እንዳላወቅኩ ይሆናሉ፣ እስከዚያ ላንቺ መጻፍ እችላለሁ።

የኔነሽ እህቴ፣ አንቺን አልቀየምኩም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን አንብበሽ አጣጥፈሽ አታስቀምጪው። ይዘሽው ሂጂና አንብቢላት። ሰው ካለ እስኪያልፍ ጠብቂ። ከዚያ ጎንበስ በይና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ ስለ ፈትሉም ያለውን አትዝለዪ።

እማዬ፣ ስንቱን የሰው ልብስ ያጠበ እጅሽን እግዚአብሔር ያሳርፍልኝ። እመቤቴ ጻድቃኔ ማርያም እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ትቀበልሽ። እኔን በምርቃት አትርሺኝ፣ በቁጣም አትርሺኝ።

መልስሽን የምትጠብቅ፣

ልጅሽ